የጥርስ ራጅ ስትማሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ ጥርስ ሕክምና ለምትማሩ ልጆች ይህን ልበል። በአግባቡ የተነሳ የአንድ ጥርስ ራጅ ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው፤ በአንድ ቀን ገደማ ከተፈጥሮ ከሚደርሰን ጋር ይቀራረባል። የሚያስቆጨኝ በጥድፊያ ተበላሽቶ የሚደገመው ነው። ታካሚው ያለ ጥቅም ጨረር ይወስዳል።

አፍ ውስጥ የሚገባውን ፊልም በጣት መያዝ። ሕፃን ሲያለቅስ፣ ፊልሙ አልቆም ሲል እጅ መስደድ ይመጣል። በፍጹም! የኒው ኦርሊንሱ የጥርስ ሐኪም ኤድመንድ ኬልስ ራጅ ገና ሲጀመር እጁን ለጨረሩ እያጋለጠ ለዓመታት ሠራ። ካንሰር ያዘው፤ ጣቶቹን፣ በኋላም እጁን አጣ። ፊልም መያዣ ተጠቀሙ። እናንተ ከጨረሩ መስመር ወጥታችሁ ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ፤ ግድግዳ ካለ ከጀርባው ሁኑ።

ታካሚው በማይሰማው ቋንቋ ማዘዝ። ከሰቃ ወይም ከማና የመጡ እናት «አይንቀሳቀሱ» ብትሏቸው ላይገባቸው ይችላል። በኦሮምኛ «ሂን ሶቾኢና» በሉ። ይቺን ለመልመድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የደበዘዘ ራጅ ግን ይደገማል።

አንግል። ጥርሱ ምስሉ ላይ ካጠረ የራጁ ቱቦ ከመጠን በላይ አዘቅዝቋል ወይም ቀና ብሏል፤ ከረዘመ አንግሉ አንሷል። ጎን ለጎን ያሉት ከተደራረቡ ደግሞ በመሃላቸው ያለው ብል (የጥርስ መበስበስ) ይደበቃል። ፊልሙ ተገልብጦ ከገባም ምስሉ ይገረጣል፣ ከፊልሙ ጀርባ ያለው ስስ የእርሳስ (ሊድ) ብረት ወረቀት ጥለትም ይወጣበታል።

የጠቆረውን ሁሉ በሽታ ማለት። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በታችኛው መንጋጋ፣ ከክራንቻው ኋላ ባሉት ሁለት ጥርሶች ሥር አካባቢ ክብ ጥቁር ነጥብ ይታያል። መግል መስሏችሁ ሥሩን ለመክፈት አትቸኩሉ፤ የነርቭ መውጫ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ሥሩን የከበበችው ቀጭን ነጭ መስመር ሳትቋረጥ አለች? ጥርሱ ቅዝቃዜ ይሰማዋል? ሁለቱም «አዎ» ከሆነ ጥርሱን ተዉት። ሌላ ራጅ የግድ ካስፈለገና አንግሉ ከተቀየረ ቀዳዳው ከሥሩ ፈቀቅ ይላል፤ መግል ከሆነ ግን ከሥሩ ጋር ይጓዛል። በጥርስ አንገት ላይ የሚታየውን ጥቁረትም መጀመሪያ በመመርመሪያ መርፌ ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። ጠንካራ ከሆነ ብል ላይሆን ይችላል።

የማይታየውን የለም ማለት። ጥርስ ከማዕድኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህል ካላጣ ብሉ በራጅ በግልጽ አይወጣም። ሲወጣም ከእውነተኛው አንሶ ነው። ስለዚህ «ደህና ነው» ብላችሁ ካርዱ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ጥርሱን አድርቁና በመብራት እዩት።