ከሲንክ ሥር የሚያፈስ የቧንቧ መጋጠሚያ እንዴት እንደሚጠገን

ከሲንክ ሥር ያለው ሳጥን ውስጡ ረጥቦ ሲገኝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመውን ስስ ነጭ ጥቅል፣ ቴፍሎንን ነው። እዚያ ካሉት መጋጠሚያዎች አብዛኞቹ ግን ውሃ የሚይዙት በጎማ ነው። በጎማ በሚይዝ መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን ሲጠመጠም ጥርሱ ይወፍርና ዳዶው እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ጎማውም በደንብ አይጫንም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የትኛው መጋጠሚያ ነው የሚያፈሰው፣ ውሃ የሚይዘውስ በምንድን ነው የሚለው ነው።

ትንሽ ጠብታ ናት ብሎ መተው አያዋጣም። ከሥሩ ብርጭቆ አስቀምጡና ለኩት። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ በአንድ ሰዓት ከሞላ በቀን 6 ሊትር፣ በወር 180 ሊትር ፈሰሰ ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘጠኝ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከታች ያለው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ እስኪታይ ድረስ ላይታወቅ ይችላል።

ፍሳሹን ማግኘት

ሳጥኑን ባዶ አድርጉና ቧንቧዎቹንና ዳዶዎቹን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ከዚያ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ዙሪያ ቁራጭ ሶፍት ጠቅልሉና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ውሃ በቱቦው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚወርድ የሚንጠባጠበው ቦታና የሚያፈሰው ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከረጠቡት ሶፍቶች ከሁሉም በላይ ያለው ነው ጥፋተኛው።

ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ሶፍቱ ከረጠበ ችግሩ ውሃ በሚያመጣው መስመር ላይ ነው። ተዘግቶ ደርቆ፣ ሲከፈት ብቻ ከረጠበ ግን ገና አልለየም። አንድ ሳህን ከቧንቧው ሥር ያዙና ውሃው ወደ ሲንኩ ጉድጓድ እንዳይወርድ አድርጉ። እንዲህም ሆኖ ከታች ከረጠበ ከቧንቧው ራሱ ነው የሚመጣው። ከደረቀ ደግሞ ቆሻሻ ውሃ የሚያወርደው ሲፎን ነው።

ውሃውን መዝጋት

ከሲንኩ ሥር ግድግዳው ላይ ያሉትን አንግል ቫልቮች በሰዓት አቅጣጫ አዙራችሁ ዝጉ። ለረጅም ጊዜ ያልተነኩ ቫልቮች ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም፤ ያን ጊዜ ከዋናው መዝጋት ይሻላል። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ሮቶ ያለው ቤት ቆጣሪው ጋ ያለው ቫልቭ ቢዘጋም የጋኑ ውሃ መምጣቱን አይተውም። የሮቶውን መውጫም ዝጉ፣ ፓምፕ ካለ ከሶኬቱ ንቀሉ። የምትከፍቱት የሙቅ ውሃ መስመር ከሆነ የቦይለሩን መብራት አጥፉና የቀዝቃዛ ውሃ መግቢያውን ዝጉ። ከዚያ የሲንኩን ቧንቧ ከፍታችሁ በውስጡ የቀረውን ግፊት ልቀቁ። ውሃው እስኪቆም ድረስ ዳዶ አትንኩ።

አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ ሁለት፣ ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ቴፍሎን፣ ባለ ግማሽ ኢንች የጎማ ዋሸር ሁለት ሦስት አዘጋጁ። መፍቻው ለምን ሁለት እንደሆነ ቀጥሎ ይታያል።

ፍሌክሲብሉ ጋ ከሆነ

ከአንግል ቫልቩ ወደ ቧንቧው የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ፍሌክሲብሉ፣ ውሃ የሚይዘው ዳዶው ውስጥ ባለው ጎማ ነው። በአንዱ መፍቻ ቫልቩን አጥብቃችሁ ያዙ፣ በሌላው ዳዶውን ፍቱ። ቫልቩ ካልተያዘ አብሮ ይዞርና ግድግዳው ውስጥ ያለውን መጋጠሚያ ያላላዋል፤ ያኔ ትንሿ ሥራ ሴራሚክ ወደ መስበር ትሄዳለች።

ጎማውን አውጥታችሁ በብርሃን ተመልከቱት። ጤነኛ ጎማ ሲጫኑት ይመለሳል። ያረጀው እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ይኖረዋል፣ መሀሉ ላይ የቫልቩ አፍ የሠራው ጠባሳ በክብ ይታያል። ገልብጦ መመለስ ለጥቂት ቀን ያቆም ይሆናል፣ መፍትሔ ግን አይደለም፤ በአዲስ ቀይሩት። የቫልቩን አፍም በጣታችሁ ዳብሱት። ነጭ የጠጠረ ኖራ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ካለ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በኮምጣጤ አጽዱት፤ አዲስ ጎማም እሱ ላይ ከተቀመጠ ያፈሳል።

ዳዶውን መጀመሪያ በጣት አስገቡ። ጥርሱ ተዛንፎ ከገባ ገና በመጀመሪያው ዙር ይከብዳልና ፍቱትና እንደገና አስጀምሩት። በእጅ እስኪቆም ድረስ ካጠበቃችሁ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር፣ ቢበዛ ግማሽ ይበቃል። ከዚያ በላይ ጎማውን ይቆርጠዋል። የፍሌክሲብሉ ሽቦ ዝጎ ወይም አንድ ቦታ አብጦ ከሆነ ጎማ መቀየር ድካም ነው፤ ሙሉውን ለውጡት። አዲሱ ሳይወጠርና ሳይታጠፍ የሚደርስ ርዝመት ይኑረው።

ቫልቩ ግድግዳ የሚገባበት ከሆነ

ቴፍሎን ቦታው እዚህ ነው። ከጥርስ ጋር ጥርስ ሲጋጠም የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላው እሱ ነውና። ዋናውን ውሃ ዘግታችሁ ቫልቩን ፍቱ፣ አሮጌውን ቴፍሎን ከጥርሱ መሀል አንድ ሳይቀር ልቀሙ። የጥርሱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ፣ ሳብ እያደረጋችሁ በሰዓት አቅጣጫ ጠምጥሙ። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲገባ ይተረተራል። ገበያ ላይ ያለው ስስ ቴፍሎን ለግማሽ ኢንች ከ8 እስከ 12 ዙር ይፈልጋል። የጫፉን የመጀመሪያ ጥርስ ባዶ ተዉት፣ ቁራጩ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ እንዳይዘጋ።

በእጅ የሚሄደውን ያህል አስገቡ፣ ከዚያ በመፍቻ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ዙር ጨምሩ። የቫልቩ አፍ ትክክለኛ አቅጣጫ ካለፈ ወደ ኋላ አትመልሱት። ቴፍሎን አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ሲላላ ክፍተት ይተዋል፤ ብዙ ጊዜ «ተሠርቶ መልሶ አፈሰሰ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። ፍቱትና በአዲስ ጠምጥሙ። ግድግዳው ውስጥ ያለው የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) መጋጠሚያ ከሆነ በጉልበት አትታገሉ፤ ፕላስቲኩ ከብረቱ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ጥርሱ በዝገት የተበላ የድሮ የብረት ቧንቧ ከሆነ ቴፍሎን ብቻውን ስለማይይዝ ቃጫ በማጣበቂያ ቅባት ነክሮ መጠምጠም የተሻለ ነው። ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ሲነቃነቅ ከተሰማችሁ ግን አቁሙና ባለሙያ ጥሩ።

ሲፎኑ ጋ ከሆነ

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሲፎኑ ውስጥ ሁልጊዜ ሽታ የሚያግድ ውሃ ስላለ ባልዲ ከሥሩ አድርጉ፣ ዳዶዎቹን በእጅ ፍቱ። ቅባቱንና ፀጉሩን እጠቡ። ሾጣጣው ጎማ ቀጭን ጎኑ ወደሚገባበት አፍ ይዞር፤ ተገልብጦ ከገባ ምንም ያህል ቢጠብቅ ያፈሳል። ቱቦው ቀጥ ብሎ መግባቱን እዩና ዳዶውን በእጅ ብቻ አጥብቁ። መፍቻ የፕላስቲክ ዳዶ ይሰነጥቃል። ከላይ ሲሊኮን መቀባት አይረዳም፤ እርጥብ ላይ አይጣበቅም፣ ቀጥሎ ለሚከፍተውም ችግር ይሆናል።

መፈተሽ

ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ አየሩ እስኪወጣ ቧንቧውን ልቀቁት፣ ከዚያ ዘግታችሁ አዲስ ሶፍት ጠቅልሉ። ሲፎኑን ለመፈተሽ ሲንኩን በውሃ ሙሉና በአንድ ጊዜ ልቀቁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ግን አላለቀም። ከሲንኩ 5 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ግማሽ ባር ገደማ ነው። የመስመር ውሃ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። በሮቶ ውሃ ደርቆ የዋለ መጋጠሚያ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሌሊት ሊያፈስ ይችላል። የሲንኩ መስመር ከዋናው በቀጥታ የሚገናኝ ከሆነ የመስመር ውሃ እስኪመጣ ድረስ ከሥሩ ሳህን አስቀምጡ፣ ሶፍቱንም አታንሱ፤ በመጣ ማግስት ጠዋት ደግማችሁ ተመልከቱ።