አውራው ይወጣል፣ በጓ ግን አትረግዝም

የአገር በጎች ውስጥ የተዳቀለ አውራ ገብቷል። በጎቹ ሥጋ አላቸው። አውራውም ሲያሳድድ ይውላል። ከ17 ቀን ገደማ በኋላ ግን ያቺው በግ እንደገና አውራ ትፈልጋለች። ባለቤቱ «መካን ናት» ብሎ ሊሸጣት ይነሳል።

እባካችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ላቷን እዩ።

ላታም በግ እንድትጠቃ፣ ማለትም የአውራው ዘር እንዲገባላት፣ አውራው ላቷን ወደ ጎን መግፋት አለበት። ከላታሞች ጋር ያደገ ይህን ይለምደዋል። እንደ ዶርፐር ካለ ቀጭን ጅራት ዘር የመጣ ግን ብዙውን ጊዜ አይችልበትም። ይወጣል፣ ላቷ ላይ ይጨርሳል፣ ይወርዳል። ከሩቅ ለሚያይ ሥራው ያለቀ ይመስላል። በአንድ መንጋ ሁለት ወር ሙሉ ጥፋቱን መኖው ላይ ስንፈልግ ከረምን። አንድ ማለዳ ቁጭ ብዬ አየሁ። አውራው ሰባት ጊዜ ወጣ። ላቷን ገልበን ስናይ ላዩ ረጥቧል፣ ሥሩ ደረቅ ነው።

መፍትሄው እጅ ነው። ድራት፣ ማለትም በጓ አውራ የምትፈልግበት ጊዜ፣ የሚቆየው ከ24 እስከ 36 ሰዓት ስለሆነ ጠዋትና ማታ ፈልጓት። አንድ ሰው ከፊት ይያዛት፣ ሌላው ላቷን ወደ ጎን ያንሳ። ከ12 ሰዓት በኋላ ድገሙት። የአውራው ደረት ላይ ቀለም ቀቡ፣ በየ17 ቀኑም ቀይሩት። ቀለም ያለባት ሁሉ ተጠቅታለች ማለት ግን አይደለም፤ አውራው ወጥቶባታል ማለት ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀለም ዳግም የተቀባችው አልረገዘችም፤ እሷን ይዛችሁ በእጅ አግዙ።

ያደገች በግ ላት በቢላዋ የቆረጠ ሰው አይቻለሁ። ደሟ ፈሶ ሞተች። በፍጹም አታድርጉት!

ለከርሞ የሚሆነውን ጠቦት ከአሁኑ ከላታም ሴቶች ጋር አሳድጉት።

ላት የሌላቸውም ጭምር ሁሉም ከተመለሱ ችግሩ አውራው ነው። ትኩሳት ወይም ከባድ ሙቀት ካገኘው ዘሩ እስኪታደስ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ቆለጡ አብጦ ከጠጠረ ለሐኪም አሳዩት፣ እስከዚያ ለይታችሁ እሰሩት።

ዲቃላዋ ሴት በግ ድራት ካላሳየች መኖ አንሷት ይሆናል። ሰውነቷ ትልቅ ነው፣ በአገር በግ ልክ አትመግቧት። ከስሪያ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ጨምሩላት።

ትንሿን የአገር ቄብ በግ ደግሞ ለመጀመሪያ ወሊዷ ለግዙፍ አውራ አትስጡ። ግልገሉ ማህፀን አፍ ላይ ሲቀረቀር ሌሊት የምትጨነቀው እሷ ናት።