ሠፈርን የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኛ አትክልተኞችን ለማደራጀት

በአራዳ፣ በቂርቆስ ወይም በልደታ የጎረቤቱን ጓሮና በረንዳ ተዘዋውሮ የተመለከተ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው፣ የጎደለው የመትከል ፍላጎት ሳይሆን ለጥያቄ የሚሆን የታመነ መልስ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት «ማስተር ጋርደነር» የተባለው አሠራር የተጠነሰሰውም ከተመሳሳይ ችግር ነበር፤ የከተማ ነዋሪ ጥያቄ ከግዛቱ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ባለሙያዎች አቅም በላይ ሲሆን፣ በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው የወሰዱትን ትምህርት ለሕዝብ በሚሰጡት የአገልግሎት ሰዓት እንዲመልሱ ተደረገ። ይህንኑ በመሀል አዲስ አበባ ለመጀመር የሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ አንድ ነገር ሊለይ ይገባል፦ የሠለጠነው አትክልተኛ ሥራ ማስተማር እንጂ የሰውን ጓሮ መቆፈር አይደለም።

ምልመላውን ከዕድር መጀመር ይሻላል፤ ዕድር የየቤቱን ስም የያዘ፣ መሰብሰብ የለመደና ሰው የሚያምነው ተቋም ነውና። በኮንዶሚኒየም የነዋሪዎቹ ማኅበር ይህንን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ለመጀመሪያው ዙር ከስድስት እስከ አሥር ሰው ይበቃል። ጓሮው ያማረለት ሁሉ ጥሩ አስተማሪ አይሆንም፤ ጤና አዳምና በሶብላ ሲያሳድጉ የኖሩ እናት እና ጽሑፍ አንብቦ የሚያስረዳ ወጣት ጎን ለጎን ቢመደቡ ይመረጣል፤ ከሁሉም በላይ «ይህንን ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ለማለት የማያፍር ሰው ይፈለግ።

ሥልጠናውን የወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያ እንዲመራው በደብዳቤ መጠየቅ ይገባል። ስለ አገር በቀል ዕፅዋት ለመማር ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል መሄድ ይቻላል፤ የተክል ስም ሲያከራክር ደግሞ በአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች በስማቸው የተቀመጡበት ቦታ መሆኑን ሠልጣኞች ይወቁ።

ከትምህርቱ ሁሉ ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው አፈር ነው። ወደ እንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ይበዛል፤ ወደ ደቡብ ዝቅ ሲባል በክረምት የሚያጣብቅ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ መረሬ ይገኛል፤ በግንባታ መካከል የተረፈው መሬት ግን ብዙውን ጊዜ ገረጋንቲ፣ የሲሚንቶ ፍርስራሽና ምስማር የተቀላቀለበት ሙሌት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከግቢው አንድ እፍኝ አፈር አምጥቶ፣ አርጥቦ በመዳፉ ይሞክረው፤ እንደ ገመድ ሲሳብ ሳይበጠስ የሚረዝመው ሸክላ የበዛበት ነው፣ ሳይያያዝ የሚፈረፈረው አሸዋማ ነው። በሙሌት መሬት ላይ ከመቆፈር ይልቅ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ሌላ አፈር መሙላት ይሻላል። ለብስባሽ የቡና አተላ፣ የጎመን ግንጣይና የሽንኩርት ልጣጭ ከደረቀ ቅጠል ጋር ይደራረባል፤ ሥጋና ቅባት አይገባበትም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለመበስበስ ስለሚዘገይና የሌሎችን ተክሎች እድገት ስለሚገታ በብዛት አይጨመርበት። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ በመሆኗ፣ ብስባሹ በየሁለት ሳምንቱ እየተገላበጠ እንኳ ሦስት አራት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ይህ ያልተነገረው ሰው በወሩ ተስፋ ቆርጦ ይደፋዋል።

ዋናው አገልግሎት የሚሰጠው በጥያቄ ቀን ነው። በወር አንድ እሑድ፣ ከዕድሩ ስብሰባ በኋላ ሁለት ሠልጣኞች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ ጠያቂውም የታመመውን ቅጠል ይዞ ይምጣ። ተክሉ መቼ እንደተተከለ፣ በየስንት ቀኑ ውሃ እንደሚጠጣና በቅርቡ ምን እንደተደፋበት ሳይጠየቅ መልስ አይሰጥ። ጉዳቱ የታየው በአንድ ዓይነት ተክል ላይ ብቻ ከሆነ ተባይ ወይም በሽታ ይጠረጠራል፤ ጎመኑም፣ ጽጌረዳውም፣ ሣሩም በአንድ ጊዜ ከተጎዱ ግን ውርጭ፣ የውሃ መብዛት ወይም ኬሚካል የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። ከሥር ያሉት ያረጁ ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን አንሷል ማለት ነው። ቅጠሉን ገልብጦ ማየት አይረሳ፤ ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ተባይ የሚሰባሰበው በዚያ በኩል ነው፣ ጥቂት ከሆነም በውሃ ማጠብ ወይም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ በጥቂት ቅጠል ላይ ከሞከሩ በኋላ መርጨት ይበቃል።

አብዛኛው ጠያቂ የመድኃኒት ስም ለመስማት ነው የሚመጣው፤ በዚህ ላይ ጠንካራ መሆን ያስፈልጋል። በጎ ፈቃደኛው ፀረ ተባይ ኬሚካል አያዝም፣ አይሸጥም፤ ጉዳዩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ቅጠሉን ለወረዳው ባለሙያ ያሳያል። ከቀበና ወይም ከግንፍሌ ወንዝ በሚቀዳ ውሃ ሰላጣና ቆስጣ ማጠጣትም፣ ወንዞቹ የቤትና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚለቀቅባቸው በመሆናቸው፣ አደገኛ እንደሆነ በግልጽ ይነገር። ይልቁንስ የዝናብ ውሃ ማጠራቀምን ያስተምሩ፦ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ30 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ እስከ 300 ሊትር ይሆናል፤ አሸንዳና በርሜል ያለው ቤት ከዚህ አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ አቧራ አጥቦ የሚወርደው የመጀመሪያው ውሃ ግን ይለቀቅ።

በረንዳ ላይ ለሚተክል ሰው ከሁሉ በፊት ክብደት ይነገረው፤ ርጥብ አፈር የሞላ የ20 ሊትር ጄሪካን 30 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ስለሚችል አምስት ስድስቱን በአንድ ጥግ መደርደር አይገባም። ውሃ እንዲወጣም የጄሪካኑ ታች መበሳቱን ያረጋግጡ።

በትምህርት ቤት ወይም በዕድሩ ግቢ ሁለት ሦስት ካሬ የማሳያ መደብ ቢኖር ብዙ ንግግር ይቀንሳል። በክረምት ሐበሻ ጎመንና ቀይ ሥር ይታዩበት፤ ቲማቲም በዚያ ወቅት ቅጠሉንና ፍሬውን በሚያበሰብስ ሻጋታ ስለሚጠቃ ለበጋ ቢቆይ ይመረጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ለጥ ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ውርጭ ሊወርድ ስለሚችል ለጋ ችግኝ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈን፣ ጠዋት ይገለጥ።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ በደብተር ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የተጠየቀው፣ የተመለሰውና ከወር በኋላ የታየው ውጤት። የሚደጋገመው ጥያቄ ለቀጣዩ ትምህርት ርዕስ ይሆናል። ሠልጣኙ በወር ስንት ሰዓት እንደሚያገለግል ከሥልጠናው በፊት በጽሑፍ ይስማማ፤ አራት ሰዓት ለሠራተኛ ሰው የሚከብድ አይመስለኝም። ሦስት ወር ሳያሳውቅ የቀረ ከጥያቄ ቀን ተራ ይውጣ፤ መመለስ ሲፈልግ ግን ከባልደረባው ጋር አንድ እሑድ ተቀምጦ ካዳመጠ በኋላ ተራው ይመለስለት።