የአሻንጉሊቷ የተዘረጋ እግር ለምን ተሰበረ?

እ.ኤ.አ. በ1832 ፓሪስ ላይ በእግር ጣቶቿ ጫፍ በመደነስ ዝናዋ የገነነውን የባሌ ዳንሰኛ ማሪ ታሊዮኒን እንድትመስል የተቀረጸች 24 ሳ.ሜ. የእንጨት አሻንጉሊት፣ በአራቤስክ (በአንድ እግር የሚቆምበት የባሌ አቋቋም) ወደ ኋላ የዘረጋችው እግር ጭኑ ላይ ቀጭ አለ። በኮላ ተጣበቀ፤ ከጎኑ ደግሞ ተሰበረ። ኮላው ምንም አላጠፋም። ገላዋና እግሯ የወጡት ከአንድ የሊንደን እንጨት ቁራጭ ነው፤ የእንጨቱ ቃጫ ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ አግድም የተዘረጋውን እግር በየቦታው ይቆራርጠዋል። 9 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ጭን በዚህ አቅጣጫ ከብስኩት አይሻልም።

እግሩ ቀሚሱ ከሚሸፍነው ቦታ ላይ በቀጭን መጋዝ ተቆረጠ፤ አዲሱ እግር ቃጫው በእግሩ ርዝመት ከሚሄድ እንጨት ተቀረጸ። ቀዳዳዎቹን ማስተያየት ነው ከባዱ። ራስ የሌላት ትንሽ ምስማር ዳሌው መሃል ላይ 2 ሚ.ሜ. ብቅ ብላ ትተከልና እግሩ ይጫንባታል፤ ምልክቱን እሷው ትተዋለች። ተነቅላ ሁለቱም ወገን በ3 ሚ.ሜ. ፑንታ 15 ሚ.ሜ. ጥልቀት ይበሳል። በብርጭቆ ወረቀት የሻከረ 29 ሚ.ሜ. የናስ ዘንግ በኢፖክሲ (ተደባልቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ይገባል። የቀረችው 1 ሚ.ሜ. ለትርፉ ኢፖክሲ ናት፤ ካልተተወች መጋጠሚያው ይከፈታል። 24 ሰዓት ሳይሞላ ቀለም አይቀባም።

የቆመችበት እግር ግን ቃጫው ትክክል ስለሆነ አልተነካም።