ጠያቂ ሁሉ ገዢ አይደለም፦ በማርኬቲንግ ሶፍትዌር ለእጩ ደንበኞች ትክክለኛ ነጥብ እንዴት ይሰጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ የሚሸጥ ድርጅት ማስታወቂያ በለቀቀ ማግስት ስልኩ አያርፍም። በፌስቡክ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ የሚጠፋ አለ፤ በቴሌግራም የወለል ፕላን የሚጠይቅ፣ ከቨርጂኒያ ወይም ከዱባይ ደውሎ ስለ ቅድመ ክፍያ የሚያጣራ፣ ሥራ ፈልጎ የትምህርት ማስረጃውን አያይዞ የሚልክም አለ። ሶፍትዌሩ ሁሉንም እኩል «እጩ ደንበኛ» ብሎ ይመዘግባቸዋል። ነጥብ የሚሰጠው የሽያጭ ሠራተኛው ጠዋት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ ለማን እንደሚደውል እንዲያውቅ ነው።

ሃብስፖት፣ ዞሆና ሴልስፎርስን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች እርስዎ ባወጡት ደንብ መሠረት ነጥቡን ይደምሩልዎታል። ደንቡ ግን ከራስዎ የሽያጭ መዝገብ ካልወጣ አይታመንም። ብዙ ድርጅት ስብሰባ ተቀምጦ «ኢሜይል ለከፈተ 5፣ ለደወለ 10» ብሎ በግምት ያጸድቃል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ነጥቡን ማየት ቢያቆሙ አያስወቅሳቸውም።

1. መዝገቡን ያጽዱ

አሰልቺ ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን ቀሪው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። አንዱ ሰው በድረ ገጹ ቅጽ ላይ ስልኩን በ09 ጀምሮ ይሞላል፤ በዋትስአፕ ሲጽፍ ያው ቁጥር በ+251 ጀምሮ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይይዘዋል፤ ነጥቡም ለሁለት ተከፍሎ ቁርጥ ያለ ገዢ የነበረው ሰው ሁለት ቦታ ላይ ተራ ጠያቂ ይመስላል። ስለዚህ የአገር ውስጡን ቁጥር ሁሉ፣ በ07 የሚጀምሩትን የሳፋሪኮም ቁጥሮች ጨምሮ፣ ወደ +251 ይለውጡ። የውጭዎቹ የየአገራቸውን መለያ ይያዙ።

በስም ብቻ ማዋሐድን አይመኑ። አንድን ስም በላቲን ፊደል ዛሬ በአንድ፣ ነገ በሌላ አጻጻፍ የሚሞላ ሞልቷል። በዚያ ላይ ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም በሚሉት ሳጥን እኛ የአባት ስም ስለምንጽፍ፣ ባልና ሚስት ባዕድ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ደግሞ ዘመድ ሆነው ይወጣሉ።

2. አቅምንና ፍላጎትን ለየብቻ ይመዝኑ

ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፦ ይህ ሰው እርስዎ የሚሸጡትን ቤት መግዛት የሚችል ዓይነት ሰው ነው? አሁንስ ለመግዛት እየተንቀሳቀሰ ነው? ሴልስፎርስ አካውንት ኢንጌጅመንት በሚባለው ምርቱ ለመጀመሪያው ከኤ እስከ ኤፍ በፊደል ደረጃ፣ ለሁለተኛው በቁጥር ነጥብ ይሰጣል። በሌሎቹም ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ይክፈቱ። አንድ ላይ ከተደመሩ የቤት ፎቶ ማየት የሚወድ ተማሪ ገጹን ደጋግሞ ስለከፈተ ብቻ፣ አንዴ ደውሎ የውል ረቂቅ ከጠየቀ ነጋዴ በላይ ይቀመጣል።

3. ነጥቡን ከተሸጠው ያውጡ

ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን በምሳሌ እንየው። ባለፈው ዓመት 400 ሰዎች ጠይቀው 20 ገዙ እንበል፤ አማካዩ 5 ከመቶ ነው። ከጠያቂዎቹ 60ዎቹ ሳይቱን፣ ማለትም የግንባታ ቦታውን፣ መጥተው አይተዋል፤ ከእነሱ 12 ገዝተዋል፤ ይህ 20 ከመቶ፣ የአማካዩ 4 እጥፍ ነው። ውጭ አገር ከሚኖሩ 80 ጠያቂዎች 8 ገዝተዋል፤ 2 እጥፍ። ኢሜይል ከከፈቱ 200 ሰዎች 11 ገዝተዋል፤ 1.1 እጥፍ።

አሁን ከእያንዳንዱ እጥፍ ላይ 1 ቀንሰው በ10 ያባዙ። ሳይት ማየት 30፣ ውጭ አገር መኖር 10፣ ኢሜይል መክፈት 1 ይሆናል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የፍላጎት፣ መካከለኛው የአቅም ነጥብ ነው። ስሌቱ ሻካራ ቢሆንም ከስብሰባ ግምት በብዙ ይሻላል።

ኢሜይል መክፈትን እኔ ከነጭራሹ ባስወጣው እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የአፕል የኢሜይል መተግበሪያ የግላዊነት ጥበቃውን ላበራ ሰው ምስሎችን ቀድሞ ስለሚያወርድ፣ መልእክቱ ሳይነበብ «ተከፍቷል» ተብሎ ይቆጠራል። የመሥሪያ ቤቶች የደኅንነት ሶፍትዌርም ሊንኮችን ራሱ እየተጫነ ይመረምራል። የቴሌግራም ቻናል ደግሞ ስንት ሰው እንዳየ እንጂ ማን እንዳየ አይነግርዎትም፤ የሚቆጠር ምልክት ከፈለጉ ጠያቂው አዝራር የሚጫንበት ቦት ያስፈልጋል።

ከስሌቱ ጋር ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። ሦስት አራት ሰው ብቻ ባሳየው ምልክት ላይ ነጥብ አይሥሩ፤ አንድ ገዢ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ እጥፉ ይገለባበጣል። ሁለተኛ፣ ሳይት ሊያይ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ አድራሻ ይጠይቃል፤ ለሁለቱም ነጥብ ከሰጡ አንዱን ነገር ሁለቴ ቆጠሩ። ሦስተኛው ስውር ነው፦ የባንክ ሒሳብ ቁጥር የጠየቀ ሁሉ ገዝቶ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ያ ሰው ግን ውሳኔውን የጨረሰ ስለሆነ ምልክቱ ማንንም ቀድሞ አያሳውቅዎትም። ጠያቂው ከተመዘገበ በኋላ ለምሳሌ በ14 ቀን ውስጥ የታየውን ብቻ ይውሰዱ።

ሥራ ፈላጊን፣ ደላላንና የተፎካካሪ ድርጅት ሠራተኛን ነጥብ ከመቀነስ ይልቅ ከዝርዝሩ ያውጧቸው። ደላላው ደንበኛ ያመጣ ይሆናል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው።

4. ነጥቡ እንዲያረጅ ያድርጉ

የፍላጎት ነጥብ በየ30 ቀኑ በግማሽ እንዲወርድ ማድረግ የተለመደ ጅምር ነው። የአቅም ነጥብ አይወርድም። ሆኖም የውጭ አገሩን ደንበኛ በዚህ ሚዛን ከለኩት ይጎዱታል። በሐምሌ ከዋሽንግተን ጠይቆ ዝም ያለ ሰው ለገና ሲመጣ በቀጥታ ሳይት ሊጎበኝ ይችላል። ለእሱ እርጅናውን ወደ 90 ቀን ያርዝሙና ከበዓላቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ስሙ እንዲነሣ የሚያደርግ ማስታወሻ ይጨምሩ።

5. መስመሩን በሰው ኃይልዎ ልክ ያስምሩ

ሦስት ሠራተኞች በቀን 45 ስልክ መደወል ከቻሉ፣ መስመሩ፣ ማለትም ለመደወል የሚያበቃው ዝቅተኛ ነጥብ፣ በየቀኑ 45 ያህል ሰው የሚያሳልፍ ይሁን። «100 ነጥብ» የሚባል የተቀደሰ ቁጥር የለም።

6. ይፈትኑት

ደንቡን በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ጠያቂዎች ላይ ሠርተው በቀሪዎቹ አራት ወራት ላይ ይሞክሩት። ሰዎቹን ከከፍተኛ እስከ ዝቅተኛ ነጥብ በአራት ቡድን ይክፈሉና በየቡድኑ ከመቶ ስንቱ እንደገዛ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ መውረድ አለበት። ሁለተኛው ቡድን ከመጀመሪያው በላይ ከገዛ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ደጋግሞ የሚቆጠር ምልክት ነው፤ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ የገጽ ጉብኝት የሚሰጥ ነጥብ። ጣሪያ ያብጁለት።

ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሚመጣ አንድ ወጥመድም አለ። ሠራተኞች ከፍተኛ ነጥብ ላላቸው ብቻ ስለሚደውሉ የሚገዙትም እነሱ ይሆናሉ፤ ነጥቡ ራሱን በራሱ ያረጋግጣል። ይህን ለመከላከል ከመስመሩ በታች ካሉት በዕጣ ጥቂቱን፣ በቀን ሦስት አራት ሰው፣ ነጥባቸውን ለሠራተኛው ሳያሳዩ ከ45ቱ ጋር ቀላቅለው ያስደውሉ። በሦስት ወር መጨረሻ ከእነዚህ መካከል የገዛ ካለ መዝገቡን ከፍተው ምን እንዳደረገ ይዩ፤ ሶፍትዌሩ ያልቆጠረለትን ነገር የሚያገኙት እዚያ ነው፤ ቀጣዩን የነጥብ ክለሳ ከዚያ ይጀምሩ።