ከበሬ ቀንድና ከወይራ ዱላ እስክሪብቶ እንዴት ይሠራል

ደብረ ብርሃን ውስጥ በበዓል ማግስት ሰፈሩን ዞር ዞር ብትሉ አጥር ሥር የተጣለ የበሬ ቀንድ አታጡም። ቅርጫው ተከፋፍሏል፣ ቆዳው ተሸጧል፤ ቀንዱን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቀንድ የጠላና የጠጅ ዋንጫ ነበር። ቁም ጸሐፊዎችም ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በቀንድ ይዘው፣ የመቃ ብርዓቸውን እያጠቀሱ ብራና ላይ ይጽፉበት ነበር። የቀለም ቀንድ የሚባለው ይኸው ነው። እኔም ያንን እያሰብኩ ነው ‹‹ቀንዱ ራሱ እስክሪብቶ ቢሆንስ?›› ያልኩት።

ሦስት ቀንድ አበላሽቻለሁ። አራተኛው ሆነልኝ። ሦስቱም የተበላሹት በመቸኮል ሲሆን፣ ሁለቱን የገደላቸው ሙቀት ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ቀንድ ሙቀት አይወድም።

ቶርኖ፣ ማለትም እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጸው ማሽን፣ ያስፈልጋችኋል፤ መግዛት ግን የለባችሁም። የአልጋና የወንበር እግር የሚሠሩ እንጨት ቤቶች አላቸው። ሥራ ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት ሄዳችሁ በትህትና ጠይቁ። እኔ የሠራሁት ሰፈራችን ካሉ አንድ አናጢ ዘንድ ነው። ‹‹ጋሼ፣ እስክሪብቶ ልሠራ ነው›› ስላቸው መጀመሪያ ዝም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ። ቶርኖ ነክቶ የማያውቅ ሰው ለብቻው አይጀምር። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቁም።

የእስክሪብቶው ብረታ ብረት ኪት በሚባል ጥቅል ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ለጀማሪ የሚሆነው ስሊምላይን የሚባለው ቀጭኑ ዓይነት ነው። ውስጡ ሁለት የነሐስ ቱቦ፣ ጫፍ፣ የሚሽከረከር ማውጫ፣ የመሃል ቀለበት፣ ኪስ ላይ የሚይዘው ማንጠልጠያ፣ ክዳንና የቀለም ቀፎ አለው። እኔ እዚህ ገበያ ስላላገኘሁት ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ነግሬ አስመጣሁ። ቀላል ዕቃ ስለሆነ ሻንጣ አይከብድም። ቶርኖ ላይ ቁራጮቹ የሚሰኩበትን ማንድሬል የሚባል ቀጭን ዘንግና የኪቱን ቡሽንጎች፣ ማለትም የውፍረቱን ልክ የሚያሳዩትን የብረት ቀለበቶች፣ አብራችሁ ማስመጣት እንዳትረሱ። ቡሽንጉ የሌላ ኪት ከሆነ ልኩ አይመጣም። ማንድሬሉም በምትሠሩበት ቶርኖ ላይ የሚገጥም መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

የ7 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) ግን አዲስ ግዙ። በሌላው ቆጥቡ፣ በፑንታ አትቆጥቡ። የደነዘዘ ፑንታ አይቆርጥም፤ እያሸ ያግላል።

ቀንዱን መምረጥና ማድረቅ

የምትፈልጉት ጫፉን ነው። የቀንድ ሥር ባዶ ነው፤ ውስጡ አጥንት ይሞላዋል። ድፍኑ ወደ ጫፉ ያለው ነው። አንዱ ቱቦ ከ5 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ፣ ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር ድፍንና ቀጥ ያለ ቦታ ያለው የትልቅ በሬ ቀንድ ፈልጉ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ እዩት። ከጎበጠ ፑንታው በጎን ይወጣል።

ብዙ ሰው ቀንዱን ቀብሮ ወይም ቀቅሎ አጥንቱን ያስወጣል። ለዋንጫ ከሆነ ልክ ነው። ለእስክሪብቶ ግን ድካም ብቻ ነው፤ ሽታውም ጎረቤት ያጣላል። ጫፉን በሰጌቶ ቆርጣችሁ ሌላውን ተዉት።

ከዚያ ማድረቅ ነው። የመጀመሪያው ቀንዴ የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቶሎ እንዲደርቅልኝ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አወጣሁት። የደብረ ብርሃን ነፋስ ይቀዘቅዛል እንጂ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። በሳምንቱ ሳወርደው እንደ ሽንኩርት ተላልጦ ነበር። ጥላ ውስጥ፣ አየር የሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሦስት ወር አስቀምጡት። በየጊዜው በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

ወይራውስ? ስሊምላይን ሁለት በርሜል፣ ማለትም ቱቦዎቹን የሚያለብሱ ሁለት የአካል ክፍል፣ ስላለው እኔ ላይኛውን ከቀንድ፣ ታችኛውን ከወይራ ነው የሠራሁት። የቀንዱና የወይራው ቀለም አብረው ሲታዩ ደስ ይላል። ለዚህ ብላችሁ ወፍ ዋሻም ሆነ ሌላ ደን ውስጥ ገብታችሁ አንዲት ቅርንጫፍ አትቁረጡ። እርጥብ እንጨት ለማንኛውም አይረባችሁም። የተሰበረ የወይራ ዱላ ከሽማግሌ ለምኑ። ዓመታት እጅ ውስጥ የኖረ ዱላ ደርቆ ያለቀለት ነው። የእኔ የአያቴ ዱላ ነበር፤ መንዝ ላይ ከብት ያገዱበት።

መብሳቱ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ሥራው በሙሉ ያለው እዚህ ነው።

ቀንድ ክብ ስለሆነ ሞርሳ ውስጥ ይሽከረከራል። በመጀመሪያ ሁለት ጎኑን በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጉ። በሁለት ቁራጭ እንጨት መሃል አስገብታችሁ እሰሩት። መሃሉን ለኩና በምስማር ጫፍ ነጥብ ምቱበት፤ ፑንታው ሲነሳ እንዳይንሸራተት ነው። ትራፓኖው ማቆሚያ ላይ የተተከለ ይሁን። በእጅ የተያዘ ትራፓኖ 5 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ አይወርድም። ሞክሬዋለሁ፣ አይሆንም።

ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፤ በደቂቃ 500 ዙር አካባቢ ይበቃል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ግቡና ፑንታውን አውጡ። ፍቅፋቂውን አራግፉ። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ መቆሙን አይታችሁ፣ ፑንታውን በጣት ንኩት። ጣታችሁን ማቆየት ካልቻላችሁ ፑንታውን ቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ በጨርቅ አድርቁት። ደግሞ ግማሽ ሴንቲ ሜትር። ደግሞ አቁሙ። ለአንድ ቀዳዳ 40 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ወይራው 5 ደቂቃም አልሞላ።

ሁለተኛውን ቀንድ ያጣሁት መብራት ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ ነው። አንዴ ገፋሁት። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ቀንድና ፀጉር ከአንድ ነገር ስለተሠሩ ሽታቸው አንድ ነው። ያ ሽታ ከመጣ ዘግይታችኋል ማለት ነው፤ ወዲያው አቁሙ። እኔ አላቆምኩም። ቀዳዳው ደህና ይመስል ነበር። በማግስቱ ስመለስ ከላይ እስከ ታች ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቶበት አገኘሁት። ጋሼ አንስተው አዩትና ‹‹ልጄ፣ እንጨት ይታገሥሃል፣ ቀንድ አይታገሥህም›› አሉኝ።

አንድ ዘዴ ልጨምር። ፑንታው በታች ብቅ ሲል ቀንዱን ገምሶ ይወጣል። ስለዚህ 7 ሴንቲ ሜትሩን እስከ ጥግ አትብሱት። 6 ላይ አቁሙና የቀረውን ድፍን ጫፍ በሰጌቶ ቁረጡት። ቀዳዳው በንጹሕ ይከፈታል።

ማስክ አድርጉ፣ በር ክፈቱ። የቀንድ አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነው። ስትበሱም፣ ስትቀርጹም፣ በብርጭቆ ወረቀት ስታሹም ከፊታችሁ አይውረድ።

ቱቦውን ማጣበቅ

የነሐስ ቱቦውን ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ቧጥጡት፤ ለስላሳ ነሐስ ኮላ አይዝም። የቱቦውን ሁለት አፍ በጧፍ ሰም ድፈኑ፣ ኮላ ውስጥ እንዳይገባ። ወይራ ቅባት ስላለው ቀዳዳውን በአልኮል ጠርጉ።

ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ሦስተኛው ቀንዴ ቱቦው ግማሽ መንገድ ላይ እንደገባ ድርቅ ብሎ ቀረ። መግፋትም መሳብም አልተቻለም። ሁለቱ ተደባልቀው የሚሠሩበት ኤፖክሲ ጊዜ ይሰጣችኋል። ቱቦውን እያዞራችሁ አስገቡት። በእኛ አገር ብርድ ኤፖክሲ ቶሎ አይደርቅም። ማሸጊያው ላይ ያለውን ደቂቃ አትመኑ፣ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት።

ሲደርቅ ሰሙን አውጡና ጫፍና ጫፉን አስተካክሉ። ነሐሱ ብልጭ እስኪል ድረስ ብቻ ነው። ነሐሱን ራሱን ካሳጠራችሁት ቀፎው ልክ አይመጣም።

መቅረጽ

ጋቢና ሻርፕ አውልቁ፣ እጅጌ ሰብስቡ፣ የዓይን መነጽር አድርጉ። ብርድ ነው ብላችሁ ጋቢ ለብሳችሁ ቶርኖ ፊት አትቁሙ። ጨርቅ ከያዘ እጅን ይዞ ይሄዳል።

በርሜሎቹን ከቡሽንጎቹ ጋር ማንድሬሉ ላይ ደርድሩ። ከመጠን በላይ አታጥብቁ፣ ዘንጉ ይጎብጣል። በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ፣ በተሳለ መሮ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቅረጹ። ቀንድ እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ይወጣል። ዱቄት ብቻ ከሆነ መሮው ደንዝዟልና ሳሉት። ቡሽንጉ ጋ ልትደርሱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲቀር አቁሙ። የቀረውን የብርጭቆ ወረቀት ይጨርሰዋል።

ከ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ 320፣ 400፣ 600 እያላችሁ ወደ ለስላሳው ውጡ። ቀንዱን በውኃ በራሰ ወረቀት እሹት፤ አቧራውም ሙቀቱም ይቀንሳል። ወይራውን በደረቁ። ቀንድ ላይ ቫርኒሽ ሲቀቡ አይቻለሁ፤ እኔ አልወደውም። ራሱ መስታወት ይሆናል። ለሁለቱም ንጹሕ የንብ ሰም በጨርቅ ማሸት ይበቃል።

መግጠም

መዶሻ አታንሱ። ሞርሳውን በሁለት ለስላሳ እንጨት አልብሳችሁ ቀስ እያላችሁ ግፉ። ጫፉን በወይራው አንድ አፍ፣ ማውጫውን በሌላው አስገቡ። ማውጫው ላይ ምልክት አለ፤ ከምልክቱ ትንሽ ቀደም ብላችሁ አቁሙና ቀፎውን ከትታችሁ ሞክሩት። የቀፎው ጫፍ በደንብ ካልወጣ ማውጫውን ጥቂት ጨምሩ። አልፎ ከገባ መመለሱ መከራ ነው። ማንጠልጠያውንና ክዳኑን ቀንዱ ላይ ግጠሙ፣ ቀለበቱን መሃል አድርጉና አጋጥሟቸው።

እስክሪብቶውን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት። ሳትጠቀሙበት ቁም ሳጥን ውስጥም አታቆዩት፤ ብል ሱፍን እንደሚበላ ቀንድንም ይበላል። ኪስ ውስጥ የሚውል ቀንድ ግን ከእጅ ወዝ እየጠጣ ይጠቁራል። የእኔው ሲሠራ ግራጫ ነበር፤ አሁን ወደ ጥቁር እየሄደ ነው።