የኮሌጅ ቤዝቦል ፒቸርን ከድራፍት በፊት እንዴት መገምገም ይቻላል

የፒቸርን፣ ማለትም ኳሱን ወደ መቺው የሚወረውረውን ተጫዋች፣ የኳስ ፍጥነት ማንም ማንበብ ይችላል። የስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ በሰዓት 97 ማይል የሚል ቁጥር ሲበራ ተመልካቹ ሁሉ ያጨበጭባል። ስካውቱ፣ ማለትም ለክለብ ተጫዋች የሚመለምለው ሰው፣ ግን ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ያሰፍርና ሌላ ነገር መፈለጉን ይቀጥላል፦ ልጁ ይህን ፍጥነት እስከ ስድስተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ክፍሎች አንዱ) ይዞት ይዘልቃል ወይ? ኳሱን ያሰበበት ቦታ ያደርሰዋል? ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ አሉ የሚባሉ መቺዎች ፊት ሲቆም ምን ዓይነት ፒቸር ይወጣዋል? ክለብ ያልቀጠረው፣ ግን ጨዋታውን የሚወድ ሰው ይህን ግምገማ ራሱ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ ደብተርና ጥሩ መቀመጫ ነው።

1. ማን ለድራፍት እንደሚቀርብ ይለዩ

ድራፍት ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። የከፍተኛው ሊግ፣ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል፣ ድራፍት የተጀመረው በ1965 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ2021 ወዲህ በጁላይ ወር የሚካሄድ ሲሆን 30ዎቹ ክለቦች በ20 ዙር ይመርጣሉ። የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለምርጫ የሚቀርበው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ የቡድኑን የስም ዝርዝር ሲያዩ በቅድሚያ ዕድሜና የትምህርት ዓመት ላይ ያተኩሩ። ሁለት ልጆች እኩል የሚወረውሩ ከሆነ 20 ዓመቱ ላይ ያለው 22 ከሞላው ይልቅ ገና የሚያድግበት ጊዜ አለው።

የውድድር ዘመኑ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ተጀምሮ፣ በጁን ኦማሃ ነብራስካ ላይ በሚደረገው የኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ ያበቃል። ዋናዎቹ ግጥሚያዎች ከዓርብ እስከ እሑድ ይደረጋሉ፤ የቡድኑ ምርጥ ፒቸር አብዛኛውን ጊዜ የሚወረውረው ዓርብ ማታ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፦ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው፤ በ2015 ዋንጫውን ያነሣው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሻርለትስቪል ላይ ይጫወታል።

2. ጨዋታው ሳይጀመር ይድረሱ

ፒቸሩ ሰውነቱን የሚያሟሙቅበት ቦታ ከአጥሩ አጠገብ ስለሆነ ከሜዳው መሀል ይልቅ እዚያ በቅርብ ይታያል። ከመጀመሪያው ውርወራ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይሂዱና የካቸሩን (ኳሱን የሚቀበለውን ተጫዋች) ጓንት ይመልከቱ። ጓንቱ በአንድ ቦታ ተይዞ ኳሷ ወደዚያው የምትመጣ ከሆነ ጥሩ ነው። ካቸሩ በየውርወራው እጁን እየዘረጋ የሚያሳድድ ከሆነ ይጻፉት። ልጁ ቼንጅአፑን (መቺውን ለማታለል ቀነስ ባለ ፍጥነት የሚወረወረውን ኳስ) እዚያ ደጋግሞ እየወረወረ ጨዋታው ውስጥ ግን የሚተወው ከሆነ፣ ገና አላመነበትም ማለት ነው።

3. መቀመጫዎን ይቀያይሩ

የኳሷን መታጠፍ ለማየት ከካቸሩ ጀርባ ያለውን ቦታ የሚተካ የለም። የሰውነቱን እንቅስቃሴ ለማየት ግን ጎን ያስፈልጋል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ፒቸር ለመወርወር ሲዘጋጅ ፊቱን ወደ ሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች ከሚረግጧቸው የሜዳው ማዕዘኖች አንዱ) ስለሚያዞር፣ ደረቱና ክንዱ በደንብ የሚታዩት ከዚያ ወገን ነው፤ ግራ እጅ ከሆነ በተቃራኒው ከአንደኛው ቤዝ ወገን። ሁለት ኢኒንግ ከጀርባ፣ ሁለት ከጎን፣ ከዚያ ተመልሰው ከጀርባ ቢያዩ ብዙ ያገኛሉ።

ከጎን ሲያዩ ኃይሉ ከየት እንደሚመነጭ ይከታተሉ። የኋላ እግሩ ይገፋል፣ ዳሌው ይዞራል፣ ደረቱ ይከተላል፣ ክንዱ በመጨረሻ ይወነጨፋል፤ የቡሄ ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ላይ ቢሆንም ጉልበቱ ከእጀታው እንደሚነሣ ማለት ነው። የፊት እግሩ መሬት ሲነካ ክንዱ ገና ታች ከሆነ ዘግይቷል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ትከሻና ክርን ላይ ያርፋል። ሲለቀው ጭንቅላቱ ወደ ጎን የሚሸሽ ከሆነም ኳሷን የፈለገበት ማድረስ ይከብደዋል። ከሁሉም በላይ ግን እንቅስቃሴው መቶ ጊዜ ሲደጋገም አንድ ዓይነት መሆኑን ይመርምሩ። እግሩ የሚያርፍበት ቦታ፣ ቆሞ በሚወረውርበት ጉብታ ላይ፣ ጉድጓድ ይሠራል፤ ኢኒንግ ሲያልቅ ጉድጓዱ አንድና ጠባብ ከሆነ ልጁ ራሱን መድገም ይችላል።

4. እያንዳንዷን ፋስትቦል ይመዝግቡ

ፋስትቦል በሙሉ ኃይል የሚወረወር ፈጣን ኳስ ነው። ከጉብታው እስከ ሆም ፕሌት፣ መቺው እስከሚቆምበት ቦታ፣ 18.44 ሜትር ነው። በሰዓት 95 ማይል፣ ማለትም 153 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትበር ኳስ ይህን ርቀት በ0.4 ሰከንድ አካባቢ ትጨርሰዋለች። የሜጀር ሊጉ አማካይ ፋስትቦል ዛሬ 94 ማይል ገደማ ነው። ራዳር ከሌለዎት የስታዲየሙን ሰሌዳ ወይም የቴሌቪዥን ሥርጭቱን ይጠቀሙ፤ ቁጥሩን ግን በየኢኒንጉ ለይተው ይጻፉ። ከፍተኛው ቁጥር ያን ያህል አያሳስብም። ትልቁ ነገር አዘውትሮ የሚገኝበት ክልል ነው። በመጀመሪያው ኢኒንግ 94–97 የነበረ ልጅ ስድስተኛው ላይ 90–92 ከወረደ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እየወረወረ እንኳ ይደክማል ማለት ነው፤ ፕሮፌሽናል ሲሆን ደግሞ ተራው በአምስትና በስድስት ቀን ይደርሰዋል።

እኩል ፍጥነት ያላቸው ሁለት ፋስትቦሎች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ወደ ኋላ በደንብ የምትሽከረከር ኳስ የስበትን ኃይል በከፊል ስለምትቋቋም መቺው ከጠበቀው ከፍ ብላ ታልፋለች። ክለቦች ይህን በትራክማን መሣሪያ ይለኩታል፤ ያለ መሣሪያ ለሚያይ ሰው ደግሞ መቺው ራሱ ይነግረዋል። ከኳሷ ሥር ባዶ አየር የሚመታ ከሆነ ኳሷ ከፍ ብላበታለች። ከመስመር ውጭ የሚመቱ ኳሶችንም ልብ ይበሉ፦ በቀኝ የሚመታ ሰው ደጋግሞ ወደ አንደኛው ቤዝ ወገን የሚያወጣ ከሆነ ዘግይቷል፣ ወደ ሦስተኛው ወገን ከሆነ ቀድሟል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከሄደ ግን ሰዓቱን አግኝቶታል፣ ቀጣዩ ሊያስፈራ ይገባል። እኔ ከራዳሩ ቁጥር ይልቅ ይህን ማስታወሻ አምናለሁ።

5. ሌሎቹን ውርወራዎች ይለዩ

ስላይደር ወይም ከርቭቦል (እየታጠፉ የሚመጡ ውርወራዎች) ሲያዩ ሁለት ነገር ለይተው ይጻፉ፦ ስትራይክ (በመቺው ላይ የሚቆጠር ውርወራ) ለማግኘት መጣል ይችላል? ሁለት ስትራይክ ከያዘ በኋላስ ከስትራይክ ክልሉ ውጭ ጥሎ መቺውን ማታለል ይችላል? የኮሌጅ መቺ መሬት የምትነካ ኳስ ያሳድዳል፤ የሜጀር ሊጉ መቺ ግን ዝም ብሎ ያልፋታል። ስለዚህ ውርወራው ያስገኘውን ስትራይክአውት (መቺው በሦስት ስትራይክ መውጣቱን) ከመቁጠር ይልቅ ኳሷ ዘግይታና በድንገት መታጠፏን ይመልከቱ። ቼንጅአፕ ከፋስትቦሉ ከ8 እስከ 10 ማይል ቢቀንስ ይበጃል፤ ክንዱ ግን ፍጥነቱን ሊቀንስ አይገባም። ክንዱ ከቀነሰ መቺው ያውቅበታል።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ ጥሩ አይደለም። በብዙ ኮሌጆች የትኛው ኳስ እንደሚወረወር የሚወስነው አሠልጣኙ ነው፤ ከመቀመጫው ሆኖ ምልክት ይልካል። ልጁ በጨዋታው ሁሉ ሦስት ቼንጅአፕ ብቻ ስለወረወረ አይችልም አይባልም። ያቺን ሦስት በጥንቃቄ አይቶ ጥራቷን መጻፍ ነው። ሦስተኛ አስተማማኝ ውርወራ ያለው ልጅ ጨዋታ ጀማሪ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ሁለት ብቻ ያለው ብዙ ጊዜ መጨረሻው አንድ ኢኒንግ የሚወረውር ተቀያሪ መሆን ነው፤ የገንዘቡና የምርጫው ዙር ልዩነትም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

6. የጓንቱን ቦታ ከኳሷ ቦታ ጋር ያነጻጽሩ

ደብተርዎ ላይ አራት ማዕዘን የስትራይክ ክልል ይሣሉ። ካቸሩ ጓንቱን የዘረጋበትን በክብ፣ ኳሷ የደረሰችበትን በነጥብ ምልክት ያድርጉ። ሃያና ሠላሳ ውርወራ ከመዘገቡ በኋላ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። ስትራይክ መወርወር አንድ ነገር ነው፤ ወደ ውጭ ታች ጥግ የታሰበችውን ኳስ እዚያው ማሳረፍ ደግሞ ሌላ ችሎታ ነው፣ ወደ ላይኛው ሊግ ሲወጣ የሚፈለገውም ይኸኛው ነው። ነጥቦቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበሉ ስሕተቱ ቋሚ ስለሆነ አሠልጣኝ ሊያርመው ይችላል። በየቦታው ከተበተኑ ግን ሥራው ረጅም ነው።

ሼን ቢበር ከዩኒቨርሲቲ ኦቭ ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ሲመረጥ፣ በ2016፣ ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ስላልነበር እስከ አራተኛው ዙር ጠብቋል። ዎክ፣ ማለትም ከክልሉ ውጭ በሆኑ አራት ውርወራዎች ለመቺው የሚሰጥ ነጻ ቤዝ፣ ግን እምብዛም አይሰጥም ነበር። በ2020 ከሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች አንዱ የሆነው የአሜሪካን ሊግ ለምርጥ ፒቸሩ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት በሙሉ ድምፅ ወሰደ።

7. ቤዝ ላይ ሰው ሲኖር ይበልጥ ይጠንቀቁ

ሯጭ ሲገባ ፒቸሩ እንቅስቃሴውን ያሳጥራል። በስልክዎ የሰዓት መቁጠሪያ ከመጀመሪያ ንቅናቄው ኳሷ ጓንት እስክትገባ ይለኩ፤ 1.3 ሰከንድና ከዚያ በታች ጥሩ ነው፣ 1.5 ከሆነ ሯጮች ቀጣዩን ቤዝ ይሰርቁበታል። ፍጥነቱ በዚህ ጊዜ ቀንሶ እንደሆነም ያወዳድሩ።

ጠባዩም የሚታየው እዚህ ነው። የቡድን ጓደኛው ቀላል ኳስ ጥሎበት፣ ሁለት ሯጭ ቤዝ ላይ ሆኖ፣ ዳኛውም ጥሩ ስትራይክ ነፍጎት ሲያበቃ የሚቀጥሉትን ሁለት ውርወራዎች ይመልከቱ። አንዳንዱ ይቸኩላል፣ ኃይሉን ሁሉ ፋስትቦል ላይ ይጭንና ኳሷ ከፍ ብላ ትሄዳለች። አንዳንዱ ከጉብታው ወረድ ብሎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ያንኑ ስላይደር ያንኑ ጥግ ይጥላል። እንዲህ ያለው ልጅ ልቤን ይወስደዋል።

8. አኃዙን ከዓይንዎ በኋላ ይክፈቱ

ስትራይክአውትና ዎክ ከሌሎቹ አኃዞች ይልቅ ይታመናሉ። ፖል ስኪንስ ከአየር ኃይል አካዳሚ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ተዛውሮ በ2023 በ122 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ 209 ስትራይክአውት አስመዝግቦ 20 ዎክ ብቻ ነው የሰጠው። በዚያው ዓመት ፒትስበርግ ፓይሬትስ አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ በ2024 ደግሞ የናሽናል ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ።

የተመቱበትን ኳሶች ብዛት ግን በጥርጣሬ ይዩት። ኮሌጅ ውስጥ የሚመታው በብረት ወይም በሰው ሠራሽ ዱላ ነው፤ የእንጨት ዱላ የምትሰብር፣ እጅ ሥር የገባች ኳስ በብረቱ ተገፍታ ሜዳው ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ፒቸሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፣ መዝገቡ ግን ተመታበት ይላል። በበጋ ማሳቹሴትስ ውስጥ የሚካሄደው የኬፕ ኮድ ሊግ የእንጨት ዱላ ስለሚጠቀም፣ ልጁ እዚያ ወርውሮ ከሆነ ያንን ውጤት ፈልገው ያንብቡ።

9. የክንዱን ታሪክ ይጠይቁ

ስቲቨን ስትራስበርግ በ2009 ከሳን ዲዬጎ ስቴት በዋሽንግተን ናሽናልስ አንደኛ ተመረጠ፤ በጁን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታው 14 ስትራይክአውት አስመዘገበ፤ በሴፕቴምበር ደግሞ ክርኑ ላይ የተጎዳ ጅማት የሚተካበት የቶሚ ጆን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ በ1974 ከጀመሩት ወዲህ ይህ ቀዶ ሕክምና ብዙ ፒቸሮችን መልሷል፤ ቢሆንም ከአንድ ዓመት በላይ ያስቀምጣል። ኩማር ሮከር ከቫንደርቢልት በ2021 በ10ኛነት ተመርጦ፣ ከሕክምና ምርመራው በኋላ ከመረጠው ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ሳይፈራረም ቀረ፤ በዓመቱ ቴክሳስ ሬንጀርስ 3ኛ አድርጎ ወሰደው።

የሕክምና መረጃ የሚደርሰው ክለቦቹ እጅ ነው። ለእኛ የሚቀረው ምልክት ማንበብ ነው፦ ያልወረወረበት ወቅት አለ? ፍጥነቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ በ3 ማይል ወርዷል? በውርወራዎች መካከል ክንዱን እየደጋገመ ያራግፋል? ያዩትን ይጻፉ፣ ታሟል ብለው ግን አይጻፉ።

10. ሪፖርቱን ይጻፉና ዙር ይምረጡ

ስካውቶች ከ20 እስከ 80 በሚደርስ መለኪያ ይሠራሉ። 50 ማለት የሜጀር ሊግ አማካይ ነው፣ 60 ጎልቶ የሚታይ፣ 80 በትውልድ ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት። ለእያንዳንዱ ችሎታ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ የዛሬ፣ ሌላው የወደፊት። ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ሪፖርት ይህን ይመስላል፦

«ቀኝ እጅ፣ 1.91 ሜትር፣ 21 ዓመት። ፋስትቦል 93–95፣ ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ 92–94፤ 55/55። ስላይደር ዘግይቶ ይታጠፋል፣ ስትራይክም ያገኝበታል፤ 50/60። ቼንጅአፕ ክንዱን ይቀንሳል፤ 35/45። ቁጥጥር 45/50፣ ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን። ከጓደኛው ስሕተት በኋላ ተረጋግቶ ወረወረ። ቼንጅአፑ ከተስተካከለ በአራተኛ ደረጃ ጨዋታ ጀማሪ ይሆናል፣ ካልሆነ ጥሩ ተቀያሪ። ሁለተኛ ዙር ላይ እወስደዋለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት፤ ዙር ያልተጻፈበት ሪፖርት ውሳኔ የለውም። ከተቻለ ልጁን በተለያዩ ሳምንታት ደጋግመው አይተው ይጻፉት፤ በፌብሩዋሪ ብርድ ያየነው ክንድ በሜይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሁሉን አቅም የያዙት ክለቦች እንኳ ይሳሳታሉ፦ ማርክ አፔል በ2013 ከስታንፎርድ አንደኛ ተመርጦ ሜጀር ሊግ የደረሰው በ2022 ነው። ጄኮብ ዲግሮም በአንጻሩ በስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ በዋናነት ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) ሆኖ ሲጫወት ቆይቶ፣ ፒቸር በሆነ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በ2010 ዘጠነኛ ዙር ላይ ተመረጠ፤ ሁለት የሳይ ያንግ ሽልማትም አገኘ። ብዙ ያልወረወረ፣ ሰውነቱ ቀልጣፋ የሆነ ልጅ ሲያጋጥምዎ የወደፊቱን ቁጥር ከፍ ለማድረግ አይፍሩ።

ከድራፍቱ በኋላ ሪፖርቱን ሳይነኩ ያስቀምጡትና ልጁን በታችኞቹ ሊጎች ይከታተሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሰው ፍሬድሪክስበርግ ቨርጂኒያ ላይ የናሽናልስ ታዳጊ ክለብ ይጫወታል። እዚያ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚፈትሹት፣ ተራው ከሳምንት ባጠረ ጊዜ ሲመላለስበት ያ 92–94 እስከ ስድስተኛው ኢኒንግ መቆየቱን ነው።